የባልትና ትምህርት በኢትዮጵያ፤ አጀማመሩ፣ ቀዳሚዎቹና የላስታ ደጋ የሚያነሣው ጥያቄ

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መከፈት፣ ስለ መምህራን ማሠልጠኛዎችና ስለ ከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት ብዙ ይላሉ። አንድ የትምህርት ዓይነት ግን በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይታለፋል። እርሱም በሰነዶች አንዳንድ ጊዜ «የቤት አያያዝ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ሆም ኢኮኖሚክስ»፣ በሕዝቡ አነጋገር ግን «ባልትና» እየተባለ የሚጠራው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትምህርቱን አመጣጥና ቀዳሚዎቹን በአጭሩ ማስታወስ፣ ከዚያም ትምህርቱ ለማን ተብሎ እንደ ተሰጠ መመርመር ነው። ለመመልከቻ የተመረጠው ቦታ ላሊበላና የላስታ ደጋ ነው። ምክንያቱም እህል፣ ውኃና ማገዶ በአንድ ላይ በሚያጥሩበት አገር ስለ ቤት መማር የትርፍ ጊዜ ጌጥ ሊሆን ስለማይችል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባልትና ወጥ መሥራት ብቻ አይደለም። እህል መርጦ መቀላቀል፣ ብቅል ማብቀል፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቅመም ማዘጋጀት፣ ለክረምት የሚሆነውን ማድረቅና ማስቀመጥ፣ አንድ ጎታ እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ እንዲደርስ ማብቃቃት ሁሉ በውስጡ ይገኛል። ይህንን የምታውቅ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች፤ ዛሬ ይኸው ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ለመሐንዲሱም ለሒሳብ ሹሙም መጠሪያ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ቋንቋው ገና ከጥንቱ ይህን ዕውቀት ከሙያ ቆጥሮታል። የዘመናዊው መርሐ ትምህርት ግን ይህን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

ስም ያልወጣለት ትምህርት ቤት

ላስታ የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ነው። በዚህ ትምህርት እያንዳንዱ ደረጃ ስም አለው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ይባላል። መምህሩ ከማን እንደ ተማረ፣ የመምህሩም መምህር ማን እንደ ነበረ ይቆጠራል። እናት ለልጅዋ ያስተማረችው ግን ቤትም ስምም አልወጣለትም፤ የመምህራት ሐረግም አልተቆጠረለትም። ሆኖም ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጅቱ እህል ከመልቀም ወደ መፍጨት፣ ከመፍጨት ወደ ማቡካት፣ ከማቡካት ምጣድ ላይ ወደ መጋገር ደረጃ በደረጃ ታልፋለች። ሊጡ የተበላሸባት እንደ ሆነ እንደገና ትሞክራለች፤ ፈተናውም የሚታየው በገበታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲዞር የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ፣ ቆሎና በሶ የእነዚህ ሴቶች የሥራ ውጤት ነበር። ስለዚህ በአገራችን እጅግ የቆየው የትምህርት ሥርዓት ወጪው በከፊል የተሸፈነው በባልትና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቤተ ልሔም በዲያቆናት እጅ፣ በተወሰነ ሥርዓት ይዘጋጃል። መጋገር ሥርዓት ወጥቶለት፣ የተለየ ቤት ተሠርቶለት፣ በአገልጋይ የሚፈጸም የተከበረ ተግባር ሊሆን እንደሚችል የላሊበላ ሰው ከማንም ሳይማር ያውቅ ነበር።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ቆላው ድረስ ያለው መሬት የሚሰጠው እህል እንደ ከፍታው ይለያያል። በደጋው ገብስና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ስንዴ፣ ጤፍና ምስር፣ በቆላው ማሽላ ይበቅላል። ጤፍ ሲያንስ ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ የማይሰነጠቅ እንጀራ ማውጣት፣ ገብሱን ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለቂጣና ለጠላ ከፋፍሎ ማብቃት ትልቅ ዕውቀት ነው። የጠላውን አጠማመቅ ብቻ ብንወስድ ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ እንኩሮውንና ድፍድፉን በጊዜያቸው ማገናኘት በዛሬው አነጋገር የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ ተግባር ነው። ይህን ማለታችን ያለፈውን ሁሉ ለማሞገስ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የቆየው ልማድ የሚጎዳበትም ጊዜ አለ።

ከቤተ መንግሥት እስከ ሴቶች ትምህርት ቤት

በጽሑፍ ታሪክ የባልትና ነገር ጎልቶ የሚታየው በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመን ነው። እቴጌይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያዘጋጁትን ታላቅ ግብር የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የአፍሪካን የምግብ ታሪክ በመረመሩበት መጽሐፋቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ከየአቅጣጫው የመጣው የወጥ፣ የእንጀራና የጠጅ ሙያ በአንድ ገበታ ላይ መገናኘቱን ከፖለቲካ ሥራ ቆጥረውታል። በአዲስ አበባ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሆቴል የዚሁ አስተዋይነት ሌላው ምስክር ነው። ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት የነበረው ዕውቀት ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ተላለፈ እንጂ ወደ መማሪያ ክፍል አልገባም።

ወደ መማሪያ ክፍል ያስገባው የሴቶች ትምህርት ቤት መከፈት ነው። እቴጌ መነን በ1931 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ የመጀመሪያዋ የዘመናዊ ሴቶች ትምህርት ቤት መሥራች የወሎ ተወላጅ ነበሩ ማለት ነው። በእናታቸው ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት በደሴ ከተማ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። በሴቶች ትምህርት ቤት ከቋንቋና ከሒሳብ ጋር የልብስ ስፌትና የቤት አያያዝ መሰጠቱ በጊዜው ወላጆችን ለማግባባት የጠቀመ ይመስላል። ልጁን ለፊደል ለመስደድ የሚያመነታ አባት ለስፌት ሲባል እሺ ሊል ይችላል።

ትምህርት ቤቱ በጠላት ወረራ ዘመን ተዘግቶ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲከፈት በኋላ በኃላፊነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ የተማሩ፣ በጠላት ዘመን በጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ደራሲም የነበሩ ሴት ናቸው። በ1957 እ.ኤ.አ. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠዋል። ስለ ባልትና ትምህርት ስናነሣ እርሳቸውን የምንጠቅሰው ወጥ አሠራር አስተምረዋል ለማለት አይደለም። በእርሳቸው አመራር የነበረች ተማሪ መርፌ ይዛ በምትማርበት ግቢ ውስጥ ለምክር ቤት የምትበቃ ሴት ታይ እንደ ነበር ለማስታወስ ነው። የቤት አያያዝ ትምህርት ሴትን በቤት የሚያስቀር መሆኑና አለመሆኑ የሚወሰነው ከአጠገቡ ምን እንደ ቆመ በማየት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሥርዓት

የቤት አያያዝ ትምህርት ራሱን ችሎ፣ መምህራን ሠልጥነውለት፣ የሥራ ክፍል ተዘጋጅቶለት በሰፊው የገባው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ነው። ስለዚህ የትምህርቱን የውጭ ምንጭ ማወቅ ይጠቅማል።

በአሜሪካ የዚህ ትምህርት መሥራች የሚባሉት ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተቀበለቻቸው የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሲሆኑ ዋና ሥራቸው የመጠጥ ውኃን ንጽሕና መመርመር ነበር። ከ1899 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት የሌክ ፕላሲድ ጉባኤዎች ላይ የትምህርቱ ይዘት ተመከረበት፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ የትምህርቱ መነሻ ኬክ አይደለም፤ ውኃ፣ አየርና ምግብ በሳይንስ መመርመር ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግም የእርሻን ምክርና የቤት አያያዝን ምክር በአንድነት ወደ ገበሬው እንዲደርሱ አዟል። ከገበሬው ጋር የሚነጋገር አንድ ባለሙያ፣ ከሚስቱ ጋር የምትነጋገር አንዲት ባለሙያ ይላካሉ ማለት ነው።

በ1952 እ.ኤ.አ. ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ውል መሠረት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የአለማያ ኮሌጅም ተከተለ። የእርሻ ኤክስቴንሽን አገልግሎት በኮሌጁ ሥር ተጀምሮ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በከተሞች በተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከንግድ፣ ከእጅ ጥበብና ከእርሻ ጋር የቤት አያያዝ ትምህርት እንደ አንድ ዘርፍ ተሰጠ። ወንዱ ወደ እጅ ጥበብ ክፍል፣ ሴቷ ወደ ምድጃው ክፍል ይሄዱ ነበር።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ችግሩ የውጭ ትምህርት መምጣቱ ሳይሆን ከውጭ የመጣው የተሳሳተው ግማሽ መሆኑ ነው። ሪቻርድስ ከውኃው ናሙና ጀምረው ነበር፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን በአብዛኛው የምድጃውና የጠረጴዛው ሥርዓት ሆነ። የሦስት ጉልቻ ምድጃ ላላት ልጅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አያያዝ ማስተማር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኤስተር ቦዘረፕ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያመለከቱት ሌላ ጉድለት ነበር፤ የልማት ዕቅድ የአፍሪካን ሴት በቤት የምትውል አድርጎ ሲቆጥር በማሳው ላይ የምትሠራውን ሳያይ ቀርቷል። በ1975 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የተቋቋመው የሴቶች የሥልጠናና የምርምር ማዕከል ይህንኑ ትችት በሰፊው አሰምቷል። በትምህርት ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ያገለገሉት ወይዘሮ ሜሪ ታደሰ በኋላ ማዕከሉን መርተዋል።

ሊጡን የመረመሩ

የእኛ እውነተኛ ቀዳሚዎች የሚገኙት ሌላ ቦታ ይመስለናል። በ1962 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስቱዋርትና አስናቀ ጌታቸው የእንጀራን ባሕርይ የሚመረምር ጽሑፍ አሳተሙ፤ እርሾው ውስጥ ያለውንም ጥቃቅን ሕያው ፍጥረት ለመለየት ሞከሩ። ከዚያ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በጤፍ ሊጥ መቡካት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያላቸውን ድርሻ አሳዩ። እናቶች «እርሾው ያዘ»፣ «ሊጡ ኮመጠጠ» የሚሉት ነገር ስም ወጣለት፤ ተለካ።

ከዚሁ ጋር የሚቆጠረው በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ክፍል ሆኖ የተጀመረው፣ በኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ሥራ ነው። በዚህ ተቋም የሠሩት ስዊድናዊቷ ሩት ሴሊኑስ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ መካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ምግቦች አንድ ጥናት አወጡ። ዘዴያቸው ቀላልና የሚያስመሰግን ነበር፤ ምግቡ እንዴት እንደሚሠራ ከሠሪዎቹ አይተው፣ ደረጃ በደረጃ መዝግበው፣ በውስጡ ያለውን የምግብ ጠቀሜታ ከዚያ በኋላ መመርመር ነው። የዚሁ ተቋም ፍሬ የሆነው «ፋፋ» ከእህል ዱቄት፣ ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ነበር። እህልንና ጥራጥሬን አንድ ላይ ማድረግ ለአገሩ እናት አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ እንጀራ በሽሮ ከዚህ የተለየ አይደለምና። አዲሱ ነገር መጠኑ መታወቁና ለሕፃን እንዲስማማ መዘጋጀቱ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስለነበረው ብዙ አንዘረዝርም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የሴቶች ማኅበርና የማኅበረሰብ የሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች የጤናንና የቤት አያያዝን ትምህርት ወደ ገጠር አድርሰዋል። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ ስለ ተመጣጠነ ምግብ የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ ባዶ እጁን አቆመው። ጎታው ባዶ ለሆነባት እናት የምግብ ዓይነቶችን ሠንጠረዥ ማሳየት አይቻልምና።

ደላንታ ያስተማረው

ወደ ላስታ ደጋ ጥያቄ የሚያደርሰን አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ከላስታ በስተደቡብ፣ ከዋድላ ማዶ በሚገኘው በደላንታ ዳውንት ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ2,000 በላይ ሰዎች በጓያ ምክንያት እግራቸው ተሽመደመደ። ጓያ ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሰብል ቢቃጠልም የሚተርፍ ጥራጥሬ ነው፤ ድሀው የሚድንበትም የሚጎዳበትም እርሱ ነው። በውስጡ ያለው ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ሰውን፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶችን፣ ሽባ ያደርጋል። የደረሰው ጉዳትም አይመለስም።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ወረርሽኝ በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስታወቁ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ የተጎዱትንና ያልተጎዱትን ቤተሰቦች አነጻጽረው ጓያው እንዴት እንደ ተሠራ ጠየቁ። መልሱ ለባልትና ትምህርት መምህር ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት መልክ የተበላው ጓያ አደጋውን ሲጨምር፣ ቦክቶ በእንጀራ፣ በቂጣ ወይም በሽሮ ወጥ መልክ የተበላው እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየበትም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም፣ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር መሠራቱም አደጋውን ቀንሶ ተገኝቷል። ንጥረ ነገሩ በውኃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይጠቅማል።

ይህን ዝርዝር ከማድ ቤቱ ወገን እናንብበው። ንፍሮና ቆሎ ጥቂት ድካም የሚጠይቁ፣ ለእረኛና ለአራሽ በኪስ የሚያዙ ምግቦች ናቸው። እንጀራ ግን መፍጨት፣ ማቡካት፣ ቀናት መጠበቅና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። ሽንኩርትና ዝንጅብል ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ዘፍዝፎ መድፋት ውኃ ይጠይቃል። እናቲቱ ውኃውን ከሩቅ የምትቀዳ፣ ኩበቱን ለማገዶ የምትቆጥብ ከሆነች፣ በድርቅ ዓመት የሚቀራት አደገኛው አሠራር ነው። አላወቀችም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ዕውቀቱን የምትፈጽምበት አቅም አጥታ ይሆናልና። በሌላ በኩል ተመራማሪዎቹ ጓያን በባህላዊ የሸክላ ዕቃ ብቻ ማብሰል ከጉዳቱ ጋር ተያይዞ እንደ ተገኘ ጨምረው ገልጸዋል። ይህም ከላይ እንዳልነው የእናቶችን ዕውቀት ማክበር ሳይመረምሩ መቀበል እንዳልሆነ ያሳያል። በእሸትና በሽሮ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ልጅ መራመዱንና አለመራመዱን ሊወስን ከቻለ፣ ባልትና ከሒሳብና ከሳይንስ ቀጥሎ የሚመጣ ትርፍ ትምህርት ነው ለማለት አይቻልም።

ትምህርቱ ዛሬ የት ነው?

በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲተገበር ባልትና ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ አልቀጠለም። ብዙ ሰው ግን ሥራው ወደ ሌሎች እጆች መሄዱን አላስተዋለም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት ያህል አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መድቧል። እነዚህ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ውኃ አያያዝ፣ ስለ ሕፃናት ምግብ ያስተምራሉ። ሪቻርድስ በሕይወት ኖረው ቢያዩ የራሳቸውን ትምህርት በእነዚህ ሴቶች ሥራ ውስጥ ያገኙት ነበር።

ሁለተኛው እጅ የኃይል መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። እንጀራ መጋገር ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ ስለሚወስድ፣ ለተራቆተው የላስታ ተራራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከደላንታው ታሪክ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ የሚቆጠበው ማገዶ ጓያውን ከንፍሮ ወደ እንጀራ ለማሻገር ሊበቃ ይችላል።

አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ተመልሷል። ለወንድም ለሴትም በአንድነት የሚሰጥ መሆኑ ከቀድሞው ይሻላል፤ ጓያውን በእሸትና በቆሎ የሚበላው እረኛ ወንዱ ልጅ ነውና። ለላስታ ትምህርት ቤት የምድጃ ክፍል መሥራት አያስፈልግም። አንድ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ምድጃና አንድ ሸክም እንጨት ይበቃል። ተማሪዎቹ በሦስት ጉልቻና በምርጥ ምጣድ አሥር አሥር እንጀራ አስጋግረው የነደደውን እንጨት ይመዝኑ። ከየቤታቸው የእርሾ ናሙና አምጥተው በስንት ሰዓት እንደሚያዝ ይመዝግቡ። በላሊበላ እንግዳ ተቀባይ ቤቶች የሚሠሩ ወጣቶች ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ አያያዝ ያላቸው ዕውቀት ከዚህ ጋር ቢያያዝ ለከተማው ይጠቅማል።

የሚቀረው የመምህሩ ጉዳይ ነው። ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ መምህር በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፤ በሳይንስ የሠለጠነው መምህርም ስለ እንኩሮና ስለ ድፍድፍ ከተማሪዎቹ እናት ያነሰ ሊያውቅ ይችላል። በሴሚስተሩ ውስጥ ለጥቂት ክፍለ ጊዜያት ከመንደሩ አንዲት ባለሙያ እናት ተጠርታ ከሳይንስ መምህሩ ጋር በአንድነት እንድታስተምር፣ ለዋለችበትም ቀን ከትምህርት ቤቱ በጀት አበል እንዲከፈላት የሚፈቅድ መመሪያ ማዘጋጀት የወረዳና የዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።